ታንጎማ ድሮ ቀረ!

ቦነስ አይረስ ውስጥ ታንጎ የሚጨፈርበት አዳራሽ የገባ ሰው ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት አያጣም። ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ለጥ አድርገው አበጥረዋል፤ ጫማቸው መስታወት ሆኗል፤ የቀዷት ወይን ከተቀዳች ጀምሮ አልጎደለችም። እጃቸውን አጣጥፈው ጨፋሪውን ያያሉ። ማየት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ይመዝናሉ። መዝነው ሲያበቁ ወደ ጎን ዘንበል ይሉና ዕድሜ ልካቸውን ሲሏት የኖሩትን ይደግሟታል፦ «ታንጎማ ድሮ ቀረ!»

ስም ላውጣላቸው፤ አባ ድሮ ልበላቸው። አባ ድሮ አንድ ሰው አይደሉም፤ ሹመት ናቸው። አንዱ ሲያልፉ ሌላው ወንበሩን ይወርሳሉ። ታንጎ ከመቶ ዓመት በላይ ሲኖር ይህ ወንበር አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ታንጎ መቼ መቼ እንደተለወጠ ለማወቅ የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያሻም፤ አባ ድሮ መቼ መቼ እንደጮኹ መቁጠር ይበቃል። እስቲ አብረን እንቁጠር። የምጠራቸው ቀንና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በላ ፕላታ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ነው። ከጣሊያንና ከስፔን የሚመጣ መርከብ ስደተኛ ያራግፋል፤ አብዛኛው ወንድ፣ አብዛኛው ወንደላጤ፣ ሁሉም ናፍቆተኛ። በባርነት ተግዘው የመጡት የአፍሪካውያን ልጆች ካንዶምቤ የሚባል ከበሮና ጭፈራ ነበራቸው። የኩባ መርከበኛ ሀባኔራ የሚሉትን ምት ይዞ መጣ፤ የገጠሩ ጊታር መቺ ሚሎንጋ የሚባለውን ዜማውን አመጣ። ይህ ሁሉ በወደብ ሰፈርና ብዙ ቤተሰብ በታጨቀበት የኪራይ ግቢ ተደባልቆ ታንጎ ተወለደ። ሴቱ ከወንዱ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር መጨፈር የማይችል ወንድ ተራ አይደርሰውም። እናም ወንዱ ወንዱን ይዞ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዘመን በልምምድ ቤቶቹ ጀማሪ ወንድ መጀመሪያ የሴቷን ቦታ ይዞ መመራትን ይማር ነበር፤ መምራት ይፈቀድለት የነበረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ከጭፈራ ውጭ ባሉ ሹመቶችም ቢለመድ የሚጠላው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ታንጎዎች በፍሉት፣ በቫዮሊንና በጊታር የሚጫወቱ፣ ፈጠን ያሉና ተጫዋች ነበሩ። ከዚያ ባንዶኔዮን መጣ። ባንዶኔዮን የአኮርዲዮን ዘመድ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1840ዎቹ ክሬፌልድ በምትባል የጀርመን ከተማ ይሸጠው ከነበረው ከሃይንሪሽ ባንድ ነው። ኦርጋን መግዛት ለማትችል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ማጀቢያ ይሆናል የተባለ ዕቃ ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሮ ግን መጠጥ ቤት ገባ፤ አልወጣም። ለመማር አበሳ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ተጭነህ ስትለጥጠው አንድ ድምፅ፣ ስትሰበስበው ሌላ ድምፅ ይሰጥሃል። ድምፁም ትንፋሽ ያለው፣ የሚቃትት ነው። ፍሉቱ ከባንዱ ወጣ፤ ታንጎም ረገብ ብሎ መተከዝ ጀመረ። የመጀመሪያው አባ ድሮ ከወንበራቸው ተነሡ፦ «ፍሉቱን የት አደረጋችሁት? ይኼ ለቅሶ ነው እንጂ ታንጎ ነው?» ዛሬ ያለ ባንዶኔዮን ታንጎ የሚጫወት ባንድ ቢመጣ የእሳቸው ልጅ ልጅ በሩን ይዘጉበታል።

ሁለተኛው ጩኸት የመጣው ከፓሪስ ነው። የቦነስ አይረስ ጨዋ ቤተሰብ ታንጎን በደጁ አያሳልፍም ነበር፤ የወደብ ሰፈርና የሴተኛ አዳሪ ቤት ጭፈራ ነውና። የዚያው ጨዋ ቤተሰብ ልጆች ግን ፓሪስ ሲዝናኑ አሳዩት፤ በ1913 ገደማ ፓሪስ አበደች። ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጡ የሚጨፈርበት የታንጎ ሻይ ተፈጠረ፤ «ታንጎ» የሚባል ብርቱካንማ ቀለም ተሸጠ። በበርሊን ካይዘር ዳግማዊ ዊልሄልም መኮንኖቻቸው የደንብ ልብስ ለብሰው ታንጎ እንዳይጨፍሩ ከለከሉ፤ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም። ታንጎ ከፓሪስ ኮፍያ ደፍቶ ሲመለስ ያ በሩን ዘግቶበት የነበረ ጨዋ «የኛው ልጅ!» ብሎ ሳመው። ለሳሎን እንዲስማማም ወገብ መስበሩና ድንገት ቀጥ ማለቱ ቀነሰለት። አባ ድሮ እንዲህ አሉ፦ «ፈረንሳይ ገረዘችው!»

በ1917 ካርሎስ ጋርዴል «ሚ ኖቼ ትሪስቴ» የሚባለውን ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። የምታፈቅረው ሴት ጥላው የሄደች ወንድ ብሶት ነው። እስከዚያ ድረስ ታንጎ ዋናው እግር ነበር፤ ግጥም ቢኖረው እንኳ ቀልድና ፉከራ የሚበዛው ነው። ከዚያ በኋላ በታንጎ ውስጥ ያልተከዳ ወንድ ማግኘት ቸገረ። ሴቷ ሄዳለች፤ እናት አርጅታለች፤ ጓደኛው ታስሯል፤ የልጅነት ሰፈር ፈርሷል፤ መጠጥ ቤቱ ብቻ አለ። ልብ በል፣ ከዚህ በኋላ ዘፈኑ ራሱ አባ ድሮን ሆነ። እሳቸው «ታንጎ ድሮ ቀረ» ይላሉ፤ ታንጎው ደግሞ «ሁሉም ድሮ ቀረ» ይላል። ቢሆንም አባ ድሮ «በእግር የሚሰማ ነገር በጆሮ ምን ያደርጋል?» ብለው ከማጉረምረም አልቦዘኑም።

ጋርዴል በቁሙም በሞቱም ለክርክር የተፈጠረ ሰው ነው። ሰነዱ በ1890 ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ ተወለደ ይላል፤ ኡራጓዮች የለም፣ ታኩዋሬምቦ የኛ ከተማ ነው ይላሉ፤ አርጀንቲናዎች የትም ይወለድ፣ የኛ ነው ብለው ፋይሉን ዘግተዋል። ሰኔ 24 ቀን 1935 በሜደሊን፣ ኮሎምቢያ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ቻካሪታ በሚባለው መካነ መቃብር ፈገግ ብሎ የቆመ ሐውልት አለው፤ ሊጎበኘው የሚመጣ ሰው ሲጋራ ለኩሶ በጣቶቹ መሀል ይሰካለታል። «ጋርዴል በየቀኑ እየተሻለው ይዘፍናል» የሚል አባባልም አላቸው። ከሞተ በኋላ የሚሻሻል ዘፋኝ ሲገኝ ለአባ ድሮ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ጋርዴል በሞተበት ዓመት ኹዋን ዳርየንሶ የሚባል የባንድ መሪ ምቱን አፈጠነው። ሕዝቡ «የምት ንጉሥ» አለው፤ ባለ ጆሮዎቹ ደግሞ ጥበብ የጎደለው ረገጣ ነው አሉ። ወጣቱ ግን ወለሉን ሞላው። ከዚያ ካርሎስ ዲ ሳርሊ በለስላሳነቱ፣ አኒባል ትሮይሎ በባንዶኔዮኑ፣ ኦስቫልዶ ፑልየሴ በፒያኖው ተከተሉ። ከ1935 እስከ 1955 አካባቢ ያለው ይህ ጊዜ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ይባላል። ያኔ ግን የወርቃማው ዘመን አባ ድሮ ወርቁን አላዩትም፤ እሳቸው የሚናፍቁት የጋርዴልን ጊታር ነበር። ወርቅ መሆኑ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው መሰል።

ስለ ፑልየሴ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኮሚኒስት ስለነበር ተደጋግሞ ታስሯል። እሱ እስር ቤት ሲገባ ባንዱ ሥራውን አያቆምም፤ ፒያኖው ላይ ቀይ የካርኔሽን አበባ አስቀምጦ ይጫወታል። ባንዱም ገቢውን ለአባላቱ የሚያከፋፍል የኅብረት ሥራ ነበር። ሰውየው ውሎ አድሮ ደግሞ የገድ መጥሪያ ሆነ። የአርጀንቲና ሙዚቀኛ መድረክ ሊወጣ ሲል፣ ወይም ክፉ ገድ ያለው ሰው ስም ከተጠራ፣ «ፑልየሴ፣ ፑልየሴ፣ ፑልየሴ» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል። በእግዜር የለሽ ኮሚኒስት የሚማጸን ሕዝብ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

በ1955 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ፔሮን በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። ሰው ተሰብስቦ ሲያመሽ የሚጠረጠርበት ጊዜ መጣ፤ ሮክ ኤንድ ሮል ገባ፤ ቴሌቪዥን ገባ። ደርዘን ሙዚቀኛ የሚቀጥር ባንድ ሂሳቡ አልወጣ አለ። በዚህ መሀል ነው አስቶር ፒያሶላ ብቅ ያለው፤ የአባ ድሮን ደም ግፊት ከሁሉ በላይ የጨመረ ሰው። በልጅነቱ ኒውዮርክ ነበር። ጋርዴል እዚያ ፊልም ሲሠራ የጋዜጣ አዟሪ ልጅ ሆኖ አጠገቡ ታይቷል። ጋርዴል ለጉዞ ይዤው ልሂድ ቢል አባትየው ልጅ ነው ብለው ከለከሉ፤ አውሮፕላኑ የተከሰከሰው በዚያው ጉዞ ነው። ያ ልጅ አድጎ በ1954 ፓሪስ ውስጥ ናዲያ ቡላንዤ ከምትባል ዝነኛ መምህርት ዘንድ ክላሲካል ሊማር ሄደ። ታንጎ እንዳሳደገው እንደ ነውር ደብቆ ሲምፎኒዎቹን አቀረበላት። እሷም አንድ ታንጎ አጫውታው ስታበቃ እውነተኛው ፒያሶላ ይኼ ነውና አትተወው አለችው።

አልተወውም። ግን እንደነበረም አልተወውም። ከአቀናባሪው ከባኽ የተማረውን ፉግ የሚባል የዜማ አደራረስ፣ ከጃዝ የሰማውን፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ሁሉ ታንጎ ውስጥ ጨመረው። ለመጨፈር ሳይሆን ተቀምጦ ለመስማት የሚሆን ታንጎ ተፈጠረ። አባ ድሮ ጮኹ ማለት አይበቃም፤ የቦነስ አይረስ ታክሲ ነጂዎች «ታንጎን የገደልክ አንተ ነህ፣ ውረድ» ይሉት ነበር ይባላል። ዛሬ በተወለደበት በማር ዴል ፕላታ የአውሮፕላን ማረፊያው አስቶር ፒያሶላ ይባላል። የከተማዋ ታክሲ ነጂዎችም ኑሯቸውን የሚገፉት ወደ ፒያሶላ እየወሰዱ ነው።

የወጣቱ ትኩረት ወደ ሌላ በሄደባቸው ዓመታት ሚሎንጋ፣ እዚህ ላይ የታንጎ ምሽት ማለት ነው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ብቻ የሚያሞቁት ቤት ሆኖ ቆየ። ያነሣው ደግሞ ማን ይመስልሃል? ፓሪስ! በ1983 «ታንጎ አርጀንቲኖ» የሚባል ትርኢት እዚያ ታየ፤ በ1985 ብሮድዌይ ገባ። መድረኩ ላይ የወጡት ቀጫጭን ወጣቶች ብቻ አልነበሩም፤ ቦርጭ ያላቸውና ዕድሜ የጠገቡም ነበሩ። ተመልካቹ «ይኼን እኔም እችለዋለሁ» ብሎ ወጣ። በዚያው በ1983 አርጀንቲና ከወታደር አገዛዝ ተላቀቀች። ወጣቱ ሽማግሌዎቹን «አስተምሩን» ብሎ ከበባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አባ ድሮን የሚሰማቸው ሰው ተገኘ።

እውነቱን ለመናገር ሊሰሙ ይገባል፤ ሙዚቃው ሲለዋወጥ ሥርዓቱን ጠብቀው ያቆዩት እሳቸው ናቸውና። የእኛ እስክስታ ትከሻን ለቆ ሰውን በርቀት ያጨፍራል፤ ታንጎ ትከሻን አስሮ፣ ደረትን ከደረት አጣብቆ፣ እግርን ይለቃል። እንዲህ የሚያቀራርብ ጭፈራ ያለ ጥብቅ ሥርዓት አንድ ምሽት አይዘልቅም። በባህላዊው ሚሎንጋ ወንድ ወደ ሴት ጠረጴዛ ሄዶ «እንጨፍር?» አይልም። ካለበት ሆኖ ያያታል፤ ከፈለገች መልሳ ታየዋለች፤ ራሱን በትንሹ ይነቀንቃል፤ እሷም ትነቀንቃለች፤ አለቀ። ይህን ካቤሴዎ ይሉታል። ካልፈለገች ደግሞ ጣሪያውን ታያለች፤ እሱም ጣሪያ ሲያይ የነበረ ይመስላል። ማንም አልጠየቀ፣ ማንም እንቢ አላለ፣ ማንም አላፈረ። አደጋው አንድ ነው፤ ጥቅሻው ከኋላ ለተቀመጠችው ከሆነ ሁለት ሴት ብድግ ትላለች። ስለዚህ ብልሆቹ ሰውየው ፊታቸው መጥቶ እስኪቆም ከወንበር አይነሡም።

ሙዚቃው የሚቀርበው ሦስት ወይም አራት ዘፈን በአንድ ላይ ታስሮ ነው፤ ታንዳ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ባንድ ሥራ ስለሆነ ጨፋሪው የማን ሙዚቃ እንደሆነ ሰምቶ ከማን ጋር እንደሚጨፍር ይወስናል፤ ለዲ ሳርሊ የምትሆን ሴት ለዳርየንሶ ላትሆን ትችላለች። በታንዳና በታንዳ መካከል ኮርቲና የሚባል ከታንጎ የማይገናኝ ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ይለቀቅና ሰው ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥንዶቹ አዳራሹን የሚዞሩት በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው፤ የፊተኛውን መቅደምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ ነውር ነው። የአዲስ አበባ ሾፌሮች አደባባይ ላይ ይህን ሕግ ለአንድ ሳምንት ቢሞክሩት ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምርም ወዲያው አይጨፈርም፤ ጥንዶቹ ቆመው ያወጋሉ፤ ከዚያ ይተቃቀፋሉ። ወሬው የረዘመበት የውጭ አገር ጎብኚ «ምን እየጠበቅን ነው?» ብሎ ይጨነቃል።

ጎብኚውን ግን ከዚህ የከፋ ነገር ይጠብቀዋል። በደንብ ያደገ ሰው ስለሆነ የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ አብራው የጨፈረችውን «ግራሲያስ» ብሎ ያመሰግናታል። እሷም ፊቷን አጥቁራ ወደ ወንበሯ ትሄዳለች። በሚሎንጋ ሕግ ታንዳው ሳያልቅ ማመስገን «ከአንቺ ጋርስ በቃኝ» ማለት ነው። ሰውዬው በጨዋነቱ ተሳዳቢ ሆኖ ያድራል።

አሁን ያለንበት ዘመን ደግሞ ለአባ ድሮ እረፍት የሚሰጥ አይደለም። በ2001 መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገ ጎታን ፕሮጄክት የሚባል ቡድን ታንጎን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ቀላቅሎ አልበም አወጣ። አሁንም ፓሪስ! በአልማግሮ ሰፈር ላ ካቴድራል በሚባል አሮጌ መጋዘን ወጣቶች በስኒከር ታንጎ ይጨፍራሉ፤ በቪያ ኡርኪሳ ደግሞ በሱንደርላንድ ክለብ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ሰዉ በሙሉ ልብስ ይዞራል። ሴቶች ጥቅሻ ሲጠብቁ ማምሸት ሰልችቷቸው መምራት እየተማሩ ነው፤ ሴት የሚደበደብባቸውንና የሚገደልባቸውን የድሮ ግጥሞች «ይህንንማ አናጨበጭብለትም» የሚሉም በዝተዋል። ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ቦነስ አይረስ ላይ በሚካሄደው የዓለም ውድድር ከ2013 ወዲህ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ጥንድ ሆነው መወዳደር ይችላሉ። አባ ድሮ ይህን ሲሰሙ ሊያብዱ ደረሱ፤ ጥንት ወንድ ከወንድ ይለማመድ እንደነበር የነገራቸው የለም።

ጭፈራው ከባለቤቶቹ እጅ ወጥቷል የሚለው ቅሬታም አለ፤ እሱስ እውነትነት አለው። በ2009 ዩኔስኮ ታንጎን የአርጀንቲናና የኡራጓይ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ውድድሩን የሳሎን ታንጎ ዘርፍ ያሸነፉት ጃፓናውያን ጥንዶች ናቸው። ፊንላንዶች የራሳቸው ታንጎ አላቸው፤ ከ1985 ጀምሮ ሴይናዮኪ በምትባል ከተማቸው በየዓመቱ ፌስቲቫል ያደርጉለታል። የፊልም ዳይሬክተራቸው አኪ ካውሪስማኪ እንዲያውም ታንጎ የተፈጠረው ፊንላንድ ነው ብሎ ፊቱን ሳያፈካ በካሜራ ፊት ተናግሯል። ስሙ እኛም ጋ ደርሷል፤ የእነ ማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ያሳተመው አሊ አብደላ ካይፋ የሚታወቀው «አሊ ታንጎ» በሚል ስም ነው።

ባለቤትነቱ በጎረቤታሞቹም መካከል አልበረደም። ሚሎንጋ ሁሉ በስተመጨረሻ የሚዘጋበት «ላ ኩምፓርሲታ» የተደረሰው ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ነው፤ ደራሲው ኼራርዶ ማቶስ ሮድሪጌስ የሚባል ተማሪ ነበር። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የአርጀንቲና ቡድን በዚህ ዜማ ታጅቦ ስታዲየም ሲገባ ኡራጓይ በይፋ ተቃወመች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ በሕግ የባህል መዝሙሬ ብላው ነበርና።

እንግዲህ ጩኸቶቹን ስንቆጥር አንድ ነገር ይታያል። አባ ድሮ በየዘመኑ የሚጠብቁት ነገር የቀድሞው አባ ድሮ የረገሙትን ነው። ባንዶኔዮኑ ተረግሞ ነበር፤ ዛሬ ምልክቱ ነው። የጋርዴል ዘፈን ተረግሞ ነበር፤ ዛሬ ሲጋራ ይለኮስለታል። ዳርየንሶ ተረግሞ ነበር፤ ዛሬ እሱ የሌለበት ሚሎንጋ የለም። ፒያሶላ ተረግሞ ነበር፤ ዛሬ አውሮፕላን ያርፍበታል። ፍርዴን ልስጥ፦ ታንጎን ያቆየው ሁለቱም ናቸው፤ የሚያበላሸው ወጣትና የሚቆጣው ሽማግሌ። ወጣቱ ባይኖር ታንጎ ሙዚየም በገባ፤ ሽማግሌው ባይኖሩ ደግሞ ማንም ተራውን ሳይጠብቅ የሚጋፋበት ገበያ በሆነ። ከእኛ መሀል «ሙዚቃማ ድሮ ቀረ» የሚል ሰው ስትሰማ አትከራከረው፤ «የትኛው ድሮ?» ብለህ ብቻ ጠይቀው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ልሞክረው ካልክ የምመክርህ ጥቂት ነው። የታንጎ መሠረቱ መራመድ ነው፤ መራመድ ደግሞ ትችላለህ። ጫማህን ጥረግ፣ ቀስ ብለህ ዙር፣ የፊተኛህን አትግፋ። ምስጋናህንም አራተኛው ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ በሆድህ ያዘው።